ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ደቂቅ ጽሕፈት

ከዋሽንግተን በስተሰሜን በምትገኘው፣ የአገራችን ሰዎች በበዙባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ብዬ በማከብራቸው ወይዘሮ ቤት ለቡና ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት ብርማ መኪና ጭው ባለ የተራራ መንገድ፣ ከፊቷም ከኋላዋም ሌላ መኪና ሳይኖር፣ እንደ ንስር ስትከንፍ የሚያሳይ ማስታወቂያ በቴሌቪዥኑ ቢመጣ፣ እትዬ ሲኒውን ከአፋቸው መልሰው «እኔን ያሳተኝ ይኸ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። በወር 199 ዶላር የሚለው ቁጥር የመስኮቱን እኩሌታ ሞልቶት ነበር፤ ከግርጌው የተጻፈውን ግን አንብቤ ሳልፈጽመው ጠፋ።

እትዬ መኪናይቱን የወሰዱት ለሦስት ዓመት በሊዝ፣ ማለትም ወር በወር እየከፈሉ ነድተው በመጨረሻ ሊመልሷት፣ ነበር። ሌሊት ሌሊት፣ አንዱ ከአንዱ በተራራቁ ሁለት የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ስለሚያገለግሉ፣ ውሉ ከፈቀደላቸው 30,000 ማይል 17,000 አልፈው ተገኙና፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል 25 ሳንቲም ታስቦ፣ መኪናይቱን በመለሱበት ቀን የ4,250 ዶላር ዕዳ ተሸክመው ወጡ።

በዚህ ንግድ ምስልና እውነት መለያየት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጄኔራል ሞተርስንና ሊቢ ኦወንስ ፎርድ የተባለውን የመስታወት ኩባንያ የከሰሰው፣ የእነርሱ መስታወት ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ለማሳየት የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርገው በባዶ አየር ውስጥ ሲቀርጹ፣ የተወዳዳሪውን መስታወት ግን ቫዝሊን ቀብተውታል በማለት ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1965 የኮሚሽኑን ውሳኔ አጸና። ከዚህ የባሰው በ1990 በቴክሳስ ኦስቲን የተቀረጸው የቮልቮ ማስታወቂያ ነው። ቤር ፉት የተባለ ባለ ግዙፍ ጎማ መኪና በተደረደሩ መኪናዎች ላይ ሲወጣ ሌሎቹ ሁሉ ተጨፍልቀው የቮልቮዋ ጣራ ብቻ ጸንቶ ታየ፤ ነገር ግን የእርሷ ውስጥ በብረትና በእንጨት ተደግፎ፣ የሌሎቹ የጣራ ምሰሶ በመጋዝ ተቆርጦ ነበርና፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጂም ማቶክስ ምትሐቱን ገለጠው። በማግሥቱ ዓመት ኩባንያውና ማስታወቂያውን የሠራለት ድርጅት እያንዳንዳቸው 150,000 ዶላር ለኮሚሽኑ ከፈሉ። ቮልቮ ጽኑ መኪና መሆኑን አልጠራጠርም፤ እውነተኛ ምስክር ሳለው ሐሰተኛ ምስክር መጥራቱ ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በቨርጂንያ 11 ዓመት መኪና ሲሸጥ የኖረ የአገራችን ሰው፣ ስሙ እንዳይጠራ አደራ ብሎኝ፣ የዚህን ሥራ ምሥጢር አጫወተኝ። «ሰው እኛ ዘንድ የሚመጣው ሊጠይቅ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ ቤቱ ሳለ ጨርሶታል፣ እኛ ቁልፍ አቀባይ ነን። በማስታወቂያ ላይ መኪና ቅጣት ሲለጠፍበት አይተህ ታውቃለህ? ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞርስ?» ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በወር ስንት ይችላሉ ብሎ የጠየቀ ሻጭ አሸንፏል፤ የወሩን የያዘ ሰው ጠቅላላውን አይጠይቅም። እናቴን የሚመስሉ ሴቶች መጥተው ሲፈርሙ እያየሁ ዝም ብያለሁ» አለኝ።

ማስታወቂያው የሚሠራው ደግሞ ከግዢ በፊት ብቻ አይደለም፤ በ1957 የታተመ አንድ ጥናት፣ አዲስ መኪና የገዙ ሰዎች ከሌላው ይልቅ የገዙትን መኪና ማስታወቂያ አዘውትረው እንደሚያነቡ አሳይቷል፤ የጨነቀው ልቡና መጽናኛውን ከዚያው ይሻልና።

በማስታወቂያው ቁጥሩ እንዲህ ገዝፎ የውሉ ሁኔታ ስለምን ይደቅቃል ብዬ ሸማቾችን እንዲጠብቅ የተሾመ አንድ ሹም ብጠይቅ፣ በጽሑፍ አቅርብ አለኝ፤ አቀረብሁ፣ መልስ አልመጣም። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽኑም በዲሴምበር 2023 ሻጮች የወሩን ክፍያ ሲጠሩ ጠቅላላውንም እንዲናገሩ የሚያስገድድ ደንብ ቢያወጣ፣ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጃንዩወሪ 2025 በአወጣጡ የሥርዓት ጉድለት አግኝቶ ሻረው።

እትዬ አሁን የሚነዱት ዋጋዋን በአንድ ጊዜ ከፍለው የገዟትን አሮጌ መኪና ነው። ባለፈው ሰንበት ስሄድ ያው ማስታወቂያ ቢመጣ፣ መነጽራቸውን አድርገው ከወንበራቸው ተነሡና ወደ ቴሌቪዥኑ መስኮት ቀርበው ጎንበስ አሉ፤ ሁለተኛውን መስመር ሳይደርሱበት መኪናይቱ ተራራውን ዞራ ሄደች።