ሙዚቃና ነፋስ

አንድ ባልንጀራዬ በሞተር ቢስክሌቱ መሪ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ አሰረ። ቆሞ ሲከፍተው ሰፈሩን አናወጠው፤ ሲፈጥን ግን ከነፋስ ፉጨት በቀር አንዳች አልሰማም። የማጉያው ጉልበት ያነሰ መስሎት ሌላ ሊገዛ ተነሣ።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የነፋሱ ድምፅ የሞተሩን ይበልጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ሄልሜት ውስጥ እንኳ 95 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ይህን በሙዚቃ ልርታ ማለት ጆሮን ማደንቆር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ጉዳቱ ሳይታወቅ ይገባል፤ ከታወቀም በኋላ አይመለስም።

ስለዚህ ብልኀቱ ነፋሱን መቀነስ ነው። አንደኛ፣ ከፊት የነፋስ መከላከያ ማቆም። ሁለተኛ፣ ስስ ማጉያዎችን በሄልሜቱ ውስጥ በጆሮ ቀዳዳ ትይዩ ማኖር፤ ጥቂት ቢዛነፉ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሦስተኛው እንግዳ ይመስላል፤ ይኸውም ጆሮን በለስላሳ መድፈኛ መድፈን ነው። ሙዚቃው ከነፋሱ ጥቂት ከፍ ቢልም፣ ሁለቱም ወደ ጆሮ የሚደርሱት ለዝበው ነው።

ከተማ ሲገቡ ግን ሙዚቃው ይዘጋ፤ የመኪና ጥሩምባና የእግረኛ ጩኸት የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋልና።

ባልንጀራዬም ማጉያውን ትቶ መድፈኛ ገዛ።