የባሕር ሬዲዮና ሁለቱ ቁጥሮች

(በሬዲዮ ከቀረበው የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ንግግር የተወሰደ)

ወረቀቱ በእጃችሁ ያለ፣ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። በጆሮ ብቻ የምትከታተሉም እርሳስና ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ። ዛሬ ቁጥር እንጽፋለን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በአንድ እጅ ይያዛል። ከላይ አጭር አንቴና አለው። ከጎኑ የመናገሪያ ቁልፍ አለው። ፊቱ ላይ እንደ ስልክ ያለ ትንሽ መስታወት አለ። ይህ መርከበኞችና ዓሣ አጥማጆች የሚነጋገሩበት የባሕር ሬዲዮ ነው። ድሮ መነጋገሪያ ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ብዙዎቹ ከሳተላይት ምልክት እየተቀበሉ ያላችሁበትን ቦታ በቁጥር ይጽፋሉ። አንዳንዶቹም ቦታውን በካርታ ላይ ያሳያሉ።

«እኛ ባሕር የለን፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የባሕር ጠረፍ የለንም። ነገር ግን እዚሁ ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ ወጣቶች አሉን። ከውጭ የሚመጣው ዕቃችን አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነው። ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. በጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ ስደተኞችን የጫኑ ጀልባዎች ተገልብጠው ብዙ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። ይህ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ሁሉም ይድኑ ነበር አልልም። ያ ውሃ ለእኛ ሩቅ አይደለም ለማለት ነው።

እኔ ራሴ መሣሪያውን በእጄ የያዝኩት በቅርቡ ነው። በመርከብ ላይ የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለዕረፍት ባሕር ዳር መጥቶ አሳየኝ። ቤት ውስጥ ሆነን ከፈተው። መስታወቱ ላይ ምንም ቁጥር አልወጣም። «ተበላሽቷል እንዴ?» አልኩት። ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ወደ ግቢ እንውጣ፤ ሰማይ ማየት አለበት» አለኝ። ወጣን። ጥቂት ደቂቃ ቆየንና ቁጥሮቹ መጡ። የመናገሪያውን ቁልፍ ግን አልነካንም። የባሕር ሬዲዮ በየብስ ላይ ለጨዋታ አይነገርበትም።

ሰማይ ማየት ያለበት ለምንድን ነው? ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች አሉ። ያለማቋረጥ ምልክት ይልካሉ። መሣሪያው ምልክቱ ከያንዳንዱ ሳተላይት እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት ካገኘ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ጣራ ወይም የብረት ክዳን ምልክቱን ይከለክላል።

አሁን በደንብ አድምጡኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ያየኛል፣ ብጠፋ ይፈልገኛል» የሚሉ አሉ። አያያችሁም። ሳተላይቱ ይናገራል እንጂ አይሰማም። መሣሪያችሁም ከሳተላይቱ ይሰማል እንጂ ወደ እሱ አይናገርም። ስለዚህ የት እንዳላችሁ የሚያውቀው በእጃችሁ ያለው መሣሪያ ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንዲያውቅ ከፈለጋችሁ ቁጥሩን አንብባችሁ መናገር አለባችሁ። ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቁጥሮቹ ሁለት ናቸው። በክፍል ውስጥ አንድን ልጅ «ሦስተኛው ረድፍ፣ ሁለተኛው ወንበር» ብዬ ብጠራ ሌላ ልጅ አይነሣም። ምድርም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቃችሁ ይናገራል። ስሙ ኬክሮስ ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር በሎንዶን በኩል ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደራቃችሁ ይናገራል። ስሙ ኬንትሮስ ነው። ሁለቱ ስሞች መመሳሰላቸው ጥሩ አይደለም፤ መምህርም ይሳሳትባቸዋል። እኔ «የሰሜን ቁጥር» እና «የምሥራቅ ቁጥር» ማለት ይቀለኛል። በእኛ አካባቢ ሁልጊዜ ሰሜንና ምሥራቅ ነንና።

በግቢዬ ያየናቸው ቁጥሮች እነዚህ ነበሩ፤ ጻፏቸው።

11 ዲግሪ 36 ደቂቃ ሰሜን
37 ዲግሪ 23 ደቂቃ ምሥራቅ

ይህ «ደቂቃ» የሰዓት ደቂቃ አይደለም። አንድ ዲግሪ በ60 ሲከፈል አንዱ ክፍል ደቂቃ ይባላል። እንግዲህ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የጅቡቲ ወደብም የሰሜን ቁጥሩ 11 ዲግሪ 36 ደቂቃ ያህል ነው! ባሕር ዳርና ጅቡቲ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ነው። የሚለያቸው የምሥራቁ ቁጥር ነው። የጅቡቲው 43 ዲግሪ 9 ደቂቃ ያህል ነው። አንዱን ቁጥር ብቻ የሰማ ሰው ጣና ዳር ይፈልጋችሁ ወይስ ቀይ ባሕር መግቢያ ላይ? አያውቅም።

አሁን አንዲት ጀልባ እናስብ። ስሟን «ሰላም» እንበላት። ከጅቡቲ ወደብ ወጥታ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሞተሯ ቆመ። ውሃም እየገባባት ነው። የመሣሪያው መስታወት እንዲህ ይላል።

11 ዲግሪ 46 ደቂቃ ሰሜን
43 ዲግሪ 15 ደቂቃ ምሥራቅ

ጀልባ ነጂው ደንግጦ ሁለቱን ቢያቀያይርና «43 ከ15 ሰሜን፣ 11 ከ46 ምሥራቅ» ቢል ቦታው የት ይሆናል? ጣሊያን አገር፣ ከባሕር የራቀ የብስ ላይ! ይህን የሰማ ሰው ቢያንስ ስሕተት መሆኑን ያውቃል። የከፋው ሌላ ነው። ቁጥሮቹን በትክክል አንብቦ «ሰሜን» በማለት ፈንታ «ደቡብ» ቢልስ? ቦታው ሞሮኒ ከምትባለው የኮሞሮስ ዋና ከተማ አጠገብ ይሆናል። እሱም የባሕር አገር ስለሆነ ለሰሚው እውነት ሊመስለው ይችላል። ከጀልባዋ ግን ከ2,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንድ ቃል ነው የተሳሳተው።

መስታወቱ ላይ «46.50» የሚል ቁጥር ብታዩስ? ብዙ ሰው 46 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይለዋል። አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለው 50 ከ100 ነው፤ ስለዚህ 46 ደቂቃ ተኩል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 600 ሜትር ያህል ያሳስታል። በማዕበል መካከል የአንድ ሰው ራስ በ600 ሜትር ርቀት አይታይም። ስለዚህ እንደተጻፈው አንብቡት፦ «አራት፣ ስድስት፣ ነጥብ፣ አምስት፣ ዜሮ»።

በሬዲዮ ቁጥር የሚነገረው እንዲህ በየአሃዙ ነው። በሚንሿሿ ሬዲዮ «ሠላሳ» እና «ስድሳ» ይምታታሉ። «ሦስት፣ ዜሮ» ያለ ሰው ግን አይምታታበትም። በባሕር ላይ የተለያየ አገር ሰዎች የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው። ወደ ባሕር የሚሄድ ሰው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን የእንግሊዝኛ አሃዞችና የአራቱን አቅጣጫዎች ስም ማወቅ ይገባዋል። ያን ያህሉ በአንድ ሳምንት ይለመዳል።

ወደ ካርታው እንሂድ። የባሕር ካርታ እንደ የብስ ካርታ አይደለም። ውሃው ላይ ቁጥሮች ተበትነዋል። የውሃውን ጥልቀት ይናገራሉ። ግን በምን ይለካል? በሜትር ሊሆን ይችላል፤ በሌላ መለኪያም ሊሆን ይችላል። ካርታው ላይ የተጻፈውን አስቀድማችሁ አንብቡ። ርቀት ለመለካት ደግሞ በካርታው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ያለውን የሰሜን ቁጥር ተመልከቱ። እዚያ ላይ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ነው፤ ማለትም 1,852 ሜትር። የ«ሰላም» የሰሜን ቁጥር 46፣ የወደቡ 36 ነው። ልዩነቱ 10 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ጀልባዋ ከወደቡ መስመር 10 የባሕር ማይል፣ ወይም 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ርቃለች። ከላይና ከታች ባለው ጠርዝ ግን ርቀት አትለኩ፤ የእሱ ደቂቃ ከምድር ወገብ በራቃችሁ ቁጥር ያጥራል።

ከመነሣታችሁ በፊት የወደቡን ቦታ መሣሪያው ላይ መዝግቡ። ያን ጊዜ በመመለሻችሁ ቀስት እያሳየ ይመራችኋል። ግን ተጠንቀቁ! ቀስቱ የሚያውቀው ቀጥታውን መንገድ ብቻ ነው። በ«ሰላም» እና በጅቡቲ ወደብ መካከል ሙሻ የሚባል ደሴት አለ። ዙሪያውን ውሃ የሸፈነው የኮራል አለት አለበት። ቀስቱን ብቻ ተከትሎ የሚነዳ ሰው አለቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ቀስቱን ከካርታው ጋር አስተያዩ። የመሣሪያው መስታወት ትንሽ ስለሆነ የወረቀት ካርታ አብሮ ቢያዝ ይሻላል። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም።

የአነጋገሩ ነገር እንዲህ ነው። መርከቦችና የጠረፍ ጣቢያዎች የሚያዳምጡት ቻነል 16 ነው። ስልክ ብትደውሉ የሚሰማችሁ አንድ ሰው ነው። በቻነል 16 ብትጠሩ ግን በአካባቢው ያለ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ወሬ አይወራበትም። አስቀድማችሁ አድምጡ። ሌላ ሰው የማይናገር ከሆነ ቁልፉን ተጫኑና ተናገሩ። ስትጨርሱ ቁልፉን ልቀቁ። ካልለቀቃችሁ መልሱን አትሰሙም፤ የሌላውንም መንገድ ትዘጋላችሁ።

ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን «ሜይዴይ» ይባላል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ «እርዱኝ» ከሚለው የመጣ ነው። ሦስት ጊዜ ይባላል። ከዚያ የጀልባው ስም ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ «ሜይዴይ» እና የጀልባው ስም አንድ አንድ ጊዜ ይደገምና ሁለቱ ቁጥሮች ይነበባሉ። ከዚያ ምን እንደደረሰባችሁ፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደምትፈልጉ፣ ስንት ሰው እንዳለ። በመጨረሻም «ኦቨር» ብላችሁ ቁልፉን ልቀቁ። ቁጥሮቹን ቶሎ ተናገሩ የምላችሁ በምክንያት ነው። ሬዲዮው መሀል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ያላችሁበት ቦታ ተሰምቷል።

ብዙዎቹ መሣሪያዎች በክዳን የተሸፈነ ቀይ ቁልፍም አላቸው። ክዳኑ ተነሥቶ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንድ ሲጫን ሬዲዮው በቻነል 70 ራሱ የጭንቅ መልእክት ይልካል፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ጨምሮ። ይህ እንዲሆን ግን ባለ 9 አሃዝ መለያ ቁጥር ቀደም ብሎ ተመዝግቦ መግባት አለበት። ይህን ቁጥር የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ቁጥሩ ውስጥ አገርን የሚያመለክቱ 3 አሃዞች አሉ። የኢትዮጵያ 624፣ የጅቡቲ 621 ነው። መለያው ሳይገባ መሣሪያ ገዝቶ ባሕር የገባ ሰው በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ቀይ ቁልፉን ቢጫን መልእክት አይሄድለትም። ይህንም የሚያውቀው መመሪያውን ያነበበ ነው።

ሬዲዮው ሁሉ ቦታ ይሰማል ብላችሁ አታስቡ። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የምድርን ጉብታ አይዞርም። ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች በእጅ ሬዲዮ ቢነጋገሩ ከ3 እስከ 5 የባሕር ማይል ቢሰማሙ ነው። ከፍ ያለ አንቴና ያለው መርከብ ወይም የጠረፍ ጣቢያ ግን ከዚያ ራቅ ብሎም ይሰማችኋል። ስለዚህ ስትጠሩ ብድግ በሉ፤ ጀልባዋ የምትናወጥ ከሆነ ግን ተቀምጣችሁ እጃችሁን ከፍ አድርጉ። አንቴናው ወደ ሰማይ ይቁም። መሣሪያውን ጣና ላይ ይዛችሁት ብትወጡም ቁጥሩን ያሳያችኋል፤ የሚያዳምጥ ሬዲዮ ከሌለ ግን ጩኸታችሁ ለውሃው ነው። ባትሪውን ከመነሣታችሁ በፊት ሙሉ። ከማዳመጥ ይልቅ መናገር ባትሪ ይበላል።

አሁን ወደ ሥራችን። «ሰላም» ዛሬ ሌላ ቦታ ላይ ናት። 4 ሰዎች ተሳፍረዋል። ውሃ እየገባ ነው። መስታወቱ 11 ዲግሪ 41.50 ደቂቃ ሰሜን፣ 43 ዲግሪ 15.00 ደቂቃ ምሥራቅ ይላል። መጀመሪያ፣ ከወደቡ መስመር ስንት የባሕር ማይል ወደ ሰሜን እንደራቀች አስሉ። አምስት ማይል ተኩል ያላገኘ እንደገና ይቁጠር። ቀጥሎ፣ የ«ሜይዴይ» ጥሪውን በሙሉ በወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ ከቤተሰባችሁ አንዱ እርሳስና ወረቀት ይዞ ወደ ጓዳ ይግባ። በሩ ይዘጋ። እናንተ ከውጭ ሆናችሁ ጥሪውን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡለት፤ እሱም የሰማውን ይጻፍ። ሲወጣ ሁለቱን ወረቀቶች አጠገብ ለአጠገብ አድርጉና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስተያዩ።