ሰርቨር ቨርቹዋላይዜሽን

ሰርቨር ቨርቹዋላይዜሽን አንድን አካላዊ ሰርቨር በሶፍትዌር አማካኝነት እርስ በርስ ወደተለያዩ በርካታ ሰርቨሮች የመከፋፈል ዘዴ ነው። በዚህ መንገድ የሚፈጠረው እያንዳንዱ ሰርቨር ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪ፣ ዲስክና የኔትወርክ ካርድ እንዳለው ሆኖ የራሱን ስርዓተ ክወና ያስኬዳል። እውነተኛውን ሃርድዌር ግን ከሌሎች ቨርቹዋል ማሽኖች ጋር ይጋራል።

አሠራር

ሃርድዌሩን ለቨርቹዋል ማሽኖቹ የሚያከፋፍለውና አንዱን ከሌላው የሚለየው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ሃይፐርቫይዘር በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓይነት በቀጥታ በሃርድዌሩ ላይ ይጫናል፤ ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ፣ ዜን እና የማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት በሌላ ስርዓተ ክወና ላይ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም የሚጫን ሲሆን ቨርቹዋልቦክስ ከዚህ ይመደባል። በዳታ ሴንተሮች የሚመረጠው በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ለትምህርትና ለሙከራ ይመቻል።

ታሪክ

ሐሳቡ የመጣው ከትልልቆቹ የሜይንፍሬም ኮምፒውተሮች ዘመን ነው። አይቢኤም ሲፒ-40 የተባለውን ስርዓት በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ አዋለ፤ በ1972 ደግሞ ቪኤም/370ን ለገበያ አስተዋወቀ። ጄራልድ ፖፔክ እና ሮበርት ጎልድበርግ አንድ ኮምፒውተር ለቨርቹዋላይዜሽን የሚመችበትን ሁኔታ በ1974 በጽሑፍ አስቀመጡ።

በኋላ የተስፋፋው የኤክስ86 ፕሮሰሰር ይህን ሁኔታ አያሟላም ነበር። በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር አስቸጋሪዎቹን ትእዛዞች በሥራ ላይ እያሉ በመተርጎም ችግሩን አለፈው፤ የሰርቨር ምርቶቹንም በ2001 አወጣ። ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ለቨርቹዋላይዜሽን የሚረዳ አሠራር በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ጨመሩ። ኬቪኤም በ2007 የሊኑክስ ከርነል አካል ሆነ።

በመሠረተ ልማት ዕቅድ ላይ ያለው ውጤት

ከቨርቹዋላይዜሽን በፊት ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ ሰርቨር መግዛት የተለመደ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው የፕሮሰሰር አቅም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣና ቦታ ግን መጠቀሙን አያቆምም። ቨርቹዋላይዜሽን ዕቅድ አውጪውን «ስንት ሰርቨር እንግዛ?» ከሚለው ጥያቄ «በጠቅላላው ስንት አቅም ያስፈልገናል?» ወደሚለው ይወስደዋል።

ለምሳሌ አንድ ተቋም 20 ሰርቨሮች አሉት፤ እያንዳንዱም በአማካይ 8 በመቶ ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ይጠቀማል እንበል። ድምሩ የአንድ ሰርቨር ፕሮሰሰር 160 በመቶና 160 ጊጋባይት ሚሞሪ ነው። ተመሳሳይ ፕሮሰሰርና 128 ጊጋባይት ሚሞሪ ያላቸው ሁለት ሰርቨሮች የሚበቁ ይመስላል። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ የቀረው 160 ጊጋባይቱን መሸከም አይችልም። ሦስት ቢሆኑ ግን አንዱ ሲወድቅ ሁለቱ በ80 በመቶ የፕሮሰሰር ጭነት ሥራውን ያስቀጥላሉ። ስለዚህ ትክክለኛው ዕቅድ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ብልሽትንና ሥራ የሚበዛበትን ሰዓትም ያሰላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ሚሞሪው መሆኑም ይታወሳል።

ሌላው ጥቅም ቨርቹዋል ማሽንን ሳያጠፉ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ማዛወር መቻሉ ነው። በዚህም አገልግሎት ሳይቋረጥ ሃርድዌር ይጠገናል። ለዚህ ግን ሰርቨሮቹ ፈጣን ኔትወርክና አብዛኛውን ጊዜ የጋራ የዲስክ ማከማቻ ያስፈልጋቸዋል።

ችግሮች

* የጋራ ብልሽት፦ አንድ አካላዊ ሰርቨር ሲቆም በላዩ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። የጋራ ማከማቻው ከተበላሸ ጉዳቱ ከዚህም ይሰፋል።
* የማሽኖች መብዛት፦ አዲስ ማሽን መፍጠር ቀላል ስለሆነ ባለቤታቸው የተረሳ፣ የደህንነት ማሻሻያ የማያገኙ ማሽኖች ይከማቻሉ።
* የፈቃድ ክፍያ፦ አንዳንድ ሶፍትዌሮች በፕሮሰሰር ኮር ብዛት ስለሚከፈልባቸው በሃርድዌር የተቆጠበው ገንዘብ ለፈቃድ ሊወጣ ይችላል።
* የመጠባበቂያ ቅጂ፦ ስናፕሾት የማሽኑን የአንድ ወቅት ሁኔታ ይይዛል እንጂ መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከማሽኑ ጋር በአንድ ማከማቻ ላይ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል።

ቨርቹዋላይዜሽን ለክላውድ ኮምፒውቲንግ መሠረት ሆኗል። አማዞን በ2006 የጀመረው ኢሲ2 የተሰኘው የኪራይ አገልግሎት የተገነባው በዜን ሃይፐርቫይዘር ላይ ነበር።