በ59 ክፍል ውስጥ ያልተሰማው ፒያኖ

የተከታታይ ፊልም መግቢያ ገና ሲጀምር ጣታችን «ስኪፕ» የምትለዋ ቁልፍ ላይ ነው። ጌም ኦፍ ትሮንስ ላይ ግን ብዙዎቻችን እሷን ቁልፍ አንነካትም። ያ ቼሎ ሲጀምር ቁጭ ብለን እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። ዛሬ የምናወራችሁ ያንን ዜማ ስለሠራው ሰው ነው። ፊልሙን ገና ያላያችሁ ካላችሁ ግን ቀድመን እናስጠንቅቃችሁ፣ ታሪኩን እናወጣለን።

ስሙ ራሚን ጃዋዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጀርመን ዱይስበርግ ከኢራናዊ አባትና ከጀርመናዊት እናት ተወለደ። አሜሪካ ሄዶ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማረና በ1998 ተመረቀ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ገብቶ በሃንስ ዚመር ስቱዲዮ ረዳት ሆነ። የረዳት ሥራ ማለት የሌላ ሰው ስም በትልቁ በተጻፈበት ፊልም ላይ ተጨማሪ ሙዚቃ መሥራት ነው። ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን እና ባትማን ቢጊንስ ላይ የሱም እጅ አለበት፤ ግን ማን ልብ ብሎት!

ስሙን ያወጣው ቴሌቪዥን ነው። በ2005 የጀመረውን ፕሪዝን ብሬክ ታስታውሳላችሁ? ያ በፍላሽ እየተቀባበልን ያየነው ፊልም። የመግቢያው ሙዚቃ የራሚን ነው፣ ለኤሚ ሽልማትም አሳጭቶታል። አይረን ማንንም በ2008 ሠርቷል።

ጌም ኦፍ ትሮንስ ሲመጣ መጀመሪያ አልፈለገም ነበር። ሌላ ሥራ ይዟል፣ ጊዜውም አልቋል። ከሱ በፊት የተያዘው የሙዚቃ ደራሲ ሥራውን የተወው በ2011 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ፊልሙ ደግሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ መተላለፍ ነበረበት። አዘጋጆቹ ግን ለምነው አሳመኑት። አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉት፦ ፍሉት እንዳይኖር። ሰይፍና ድራጎን ባለበት ፊልም ሁሉ ፍሉት ሰልችቷቸዋል። ስለዚህ ቼሎን ዋና መሣሪያው አደረገ። የመግቢያውን ምስል ገና ሳያልቅ አሳዩት፤ ወደ ስቱዲዮው ሲመለስ መኪና ውስጥ እያንጎራጎረ ዜማው መጣለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የማጀቢያ ሙዚቃ ደራሲ ሥራ ዜማ መፍጠር ብቻ አይደለም። ከአዘጋጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያልተጠናቀቀውን ፊልም እያየ «ሙዚቃው እዚህ ይግባ፣ እዚህ ይቁም» ብሎ መወሰን አለበት። ገፀ ባህሪው ያላወቀውን ነገር ለእኛ ለተመልካቾች ሹክ የሚለን ብዙ ጊዜ ሙዚቃው ነው።

ለምሳሌ «ዘ ሬይንስ ኦፍ ካስታሜር» የሚባለውን ዘፈን ውሰዱ። ግጥሙ የመጽሐፉ ደራሲ የጆርጅ ማርቲን ነው፣ ዜማው የራሚን። ላኒስተሮች ያመፀባቸውን ቤተሰብ እንዴት እንዳጠፉ ይናገራል። በሁለተኛው ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል ላይ ቲሪየን እንደ ዋዛ ሲያፏጨው እንሰማለን። ዓመት ቆይቶ፣ በ2013፣ የሦስተኛው ሲዝን ሰርግ ላይ በሩ ይዘጋና ሙዚቀኞቹ ያንኑ ዜማ ይጀምራሉ። ኬትሊን ፊቷ ተለወጠ። ዜማውን የለየ ተመልካች ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት ነገሩ ገብቶት ነበር።

ከሁሉም የሚበልጥብን ግን የስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ ነው። 2016፣ 60ኛው ክፍል። ሰዎቹ ለፍርድ ለመቅረብ ልብሳቸውን ይለብሳሉ፣ እና ፒያኖ ይጀምራል። ልብ በሉ፣ በ59 ክፍል ውስጥ ፒያኖ ተሰምቶ አያውቅም። በዚያ ዓለም የሌለ ድምፅ ነው። ማንም ምንም ሳይናገር «ዛሬ አንድ ነገር አለ» ያስብላል። ከዚያ ቼሎው ይገባል፣ የልጆች ድምፅ ይከተላል፣ ኦርጋኑ እየከበደ ይመጣል። ወደ 10 ደቂቃ በሚጠጋው በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ንግግሩ ጥቂት ነው። በመጨረሻ አረንጓዴው እሳት ሁሉንም ይበላል፣ ሰርሴይ ወይኗን ይዛ በመስኮት ታያለች። ያለዚያ ፒያኖ ትዕይንቱ ሰዎች ሲለብሱና ሲጠባበቁ ብቻ ይሆን ነበር እንላለን።

ራሚን ይሄን ብልሃቱን በ2019 መልሶ እኛው ላይ ተጠቀመበት። በስምንተኛው ሲዝን ከሙታኑ ሠራዊት ጋር በተደረገው የሌሊት ጦርነት መጨረሻ ላይ ድንገት ጫጫታው ይጠፋና ፒያኖ ብቻውን ይቀራል። ከሰርሴይ እሳት የተማርን ሁላችን «በቃ፣ አለቀላቸው» አልን። ከዚያ አርያ ዘላ ወጣች። ፒያኖ ማለት እልቂት ነው ብሎ ያስተማረን ራሱ፣ ያሞኘንም ራሱ!

ለዚህ ክፍል ኤሚ ተሸልሟል፤ ዓመት ቀደም ብሎ በ2018ም ለዚሁ ፊልም አግኝቶ ነበር። ሙዚቃው ብቻውን በ2017 ኦርኬስትራ አስከትሎ በትልልቅ አዳራሾች ዞሯል። ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎንንም የሚሠራው እሱ ነው።

ዳታ ካላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። የ60ኛውን ክፍል መጀመሪያ አንዴ በኢርፎን፣ አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። የሆነ ችግር እንዳለ መጀመሪያ የገባችሁ የቱ ጋ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።