ከጓዳ ወደ ጓሮ

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ጉዳይ ትንሽ ይሸታል፤ ቢሆንም ታገሡኝ። ስለ ምግብ ትራፊ ነው።

እኔ ያደግሁት በጋምቤላ ክልል፣ ዲማ ነው። ዲማ ስሟ የሚነሳው በወርቅ ነው። ወርቅ ፈላጊው ከየቦታው ስለሚመጣ የሚበላውም የሚጣለውም ብዙ ነው። የማንጎ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ በየቀኑ ከየጓዳው ይወጣል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ነው እንዴ? እናቶቻችን እንዲህ አይሉም ነበር። ትራፊው ለዶሮ፣ አተላው ለከብት፣ አመዱና ልጣጩ ለጓሮ ይሄዳል። በብዙ የአገራችን ገጠሮች ከሩቁ ማሳ ይልቅ የጓሮው አፈር ለም የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገሩን ያበላሸው ፌስታል ነው። ልጣጩ ከፌስታልና ከባትሪ ድንጋይ ጋር አንድ ላይ ከተጣለ ለዶሮም ለጓሮም አይሆንም።

ዲማ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ክምሩ ገና ተራራ አላከለም። በትልቅ ከተማ ግን የት እንደሚያደርስ በአዲስ አበባ ቆሼ አይተናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። አደጋው በምግብ ትራፊ ብቻ መጣ አልልም። ሆኖም ከከተማዋ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው። እሱ ቀድሞ ቢለይ ኖሮ ክምሩ ያን ያህል ባልገዘፈ ነበር። በተጨማሪም ትራፊ አየር ሳያገኝ ተቀብሮ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀትን በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

መፍትሔው ብስባሽ (ኮምፖስት) ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፦

1ኛ. ጥላ ሥር ጉድጓድ መቆፈር፤ በክረምት ግን ውኃ እንዳይሞላው ከመሬት በላይ መከመር።

2ኛ. ደረቅ ቅጠልና የበቆሎ አገዳ ከታች፣ ልጣጭና ትራፊ ከላይ፣ ከዚያም ስስ አፈር እያደረጉ መደራረብ። አፈሩ ዝንብና ሽታን ይከላከላል።

3ኛ. ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አለመጨመር፤ ውሻና አይጥ ይጠራሉ።

4ኛ. እንዳይደርቅ ውኃ ማርከፍከፍ፣ አየር እንዲያገኝ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ማገላበጥ።

ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ የአፈር ሽታ ያለው ብስባሽ ይሆናል። ብስባሽ አፈሩ ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ይህ ደግሞ እንደ ዲማ ላለ ሞቃት አገር ትልቅ ነገር ነው። የማዳበሪያ ወጪንም ይቀንሳል። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1996 እነ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር በጀመሩት ሥራ፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው ማሳ በአብዛኛው እጥፍ ገደማ ምርት ሰጥቷል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ አባወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ ያዝ ነበር። ነገር ግን ስንቶቻችን ቤት ነው ሁለት ባልዲ ያለው?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ክምር ሲደረመስ ለመዘገብ ካሜራ ይዘን መሮጣችን አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን ስለ ሁለቱ ባልዲዎች ብንጽፍ፣ በየምንኖርበት ቤትም ብንጀምረው መልካም ነው እላለሁ።

ቸር ይግጠመን!