ለውሃ ጥናት የመስክ መሣሪያ አመራረጥ፤ በአምቦ አካባቢ ወንዞችና ምንጮች ምሳሌነት

ማንኛውም ትምህርት ቤት ወይም የወረዳ የፕላን ክፍል ለወንዝ ጥናት መሣሪያ ለመግዛት ሲነሣ፣ ከዋጋውና ከዓይነቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መሣሪያውን በሐምሌና በነሐሴ ማን ያነበዋል የሚለው ነው። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ ከተማ የሚያልፈው የሁሉቃ ወንዝ ከደንዲ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ጉደር፣ በጉደርም አማካይነት ወደ ዓባይ ይገባል። ውሃው የሚበዛው ክረምቱ በሚበረታበት፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መምህሩና ተማሪው በየፊናው በሚሆንበት ወራት ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ የሚነበብ መሣሪያ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን የወንዙን ዋና ወቅት ሳይመዘግብ ይቀራል፤ ያለፈውን ክረምት ደግሞ መልሶ መለካት አይቻልም።

ለጀማሪ ጥናት ከሁሉ ቀድሞ የሚመረጠው በሴንቲሜትር የተከፋፈለ የውሃ ከፍታ ማንበቢያ ሰሌዳ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ባትሪ አይፈልግም፤ ቁጥር የሚያነብ ሁሉ ይጠቀምበታል። አተካከሉ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰሌዳው በአሸዋና በደለል ላይ መቆም የለበትም፤ በድልድይ ምሰሶ ወይም በጽኑ አለት ላይ ይታሰራል። ከዚህም በላይ የሰሌዳው ዜሮ ከወንዙ ዳር በማይነቃነቅ ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ ምልክት ጋር በከፍታ መያያዝ ይኖርበታል፤ ለዚህም ግንበኞች የሚሠሩበት በግልጽ የላስቲክ ቱቦ የሚደረግ ውሃ ልክ ይበቃል። ይህ ምልክት ከሌለ፣ ጎርፍ ያጎበጠው ሰሌዳ ዳግመኛ ሲተከል ዜሮው ይለወጣል፤ የቀደመው መዝገብና የኋለኛውም ሊነጻጸሩ አይችሉም።

ከፍታ ብቻውን በሰከንድ ስንት ሊትር ውሃ እንዳለፈ አይናገርም። ስለሆነም በልዩ ልዩ ከፍታዎች ፍሰቱን ለክቶ የሁለቱን ዝምድና በግራፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ ዝምድና በበጋ ልኬት ብቻ ከተሠራ የጎርፉ መጠን ከግምት አያልፍም፤ ድልድይ ወይም የመስኖ ቦይ የሚያቅድ ባለሙያ አጥብቆ የሚፈልገው ግን ይህንኑ የጎርፍ መጠን ነው። ተሽከርካሪ የፍጥነት መለኪያ በበጋ ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ በክረምት ግን ሣርና ቅጠል ይጠመጠምበታል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ለካዩን ወደ ውሃው እንዲገባ የሚጋብዝ መሆኑ ነው። ደፍራሽና ፈጣን ውሃ ውስጥ ተማሪን ማስገባት በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም። በዚህ ጊዜ በ20 ሜትር ርቀት መካከል የሚንሳፈፍ ብርቱካን ደጋግሞ በሰዓት መለካት፣ የተገኘውን የገጽታ ፍጥነትም በ0.85 ማባዛት ለሥራው የሚበቃ ግምት ይሰጣል።

ክረምቱን የሚሸፍነው በድልድዩ አጠገብ የሚኖር፣ መጠነኛ አበል የሚከፈለው ሰው ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ አይታመንም የሚሉ አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በዳንግላ ወረዳ የአካባቢው ነዋሪዎች ዝናብን፣ የወንዝንና የጉድጓድ ውሃ ከፍታን መመዝገብ ጀምረው ነበር፤ ከሥራው ጋር የተባበሩ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መዝገቡን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ ጥራቱ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ የማያንስ መሆኑን አሳይተዋል።

በውሃ ግፊት የሚሠራው ራስ መዝጋቢ መሣሪያ ለጥናቱ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ለሌሊት ጎርፍ በእርግጥ አቻ የለውም። ሆኖም አየር ማስገቢያ ቱቦ የሌለው ዓይነት ከተገዛ የአየር ግፊትንም አብሮ ይመዘግባል። አንድ ሚሊባር አንድ ሴንቲሜትር ውሃ ያህላል፤ የአየር ግፊት ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ በሁለትና በሦስት ሚሊባር ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ የአየር ግፊት መዝጋቢ አብሮ ካልተገዛ፣ ረጋ ያለ ወንዝ በየቀኑ ሲሞላና ሲጎድል የዋለ ይመስላል።

የአምቦ ማዕድን ውሃ ምንጮች ለኬሚስትሪ ትምህርት የተመቹ ናቸው፤ መሣሪያቸው ግን ከወንዙ ይለያል። በውሃው የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምንጩ እንደተቀዳ ማምለጥ ስለሚጀምር፣ ናሙናው ቤተ ሙከራ እስኪደርስ ፒኤቹ ከፍ ይላል። በመሆኑም ወደ ምንጩ ተይዞ የሚሄድ የፒኤች መለኪያ ያሻል፤ ማስተካከያ ፈሳሾቹም (4፣ 7 እና 10) አብረው ካልተገዙ መለኪያው ጌጥ ይሆናል። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ የሚፈትን መምህርም በአምቦ ከፍታ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ቢያስታውስ፣ ደኅናውን መሣሪያ ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል ይድናል።

ዝናብ መለኪያ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይተከል፤ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው። በበጀቱ ላይ የመዝጋቢው የዓመት አበልና የመለዋወጫ ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር በአንድነት ይመዝገብ። የንባብ መዝገቡም በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ሌላው በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በየወሩ ይቀመጥ።