«ይውሰዱ» ስንል

በክኒን ከረጢት ላይ ከምንጽፋቸው ቃላት ሁሉ የበዛው «ይውሰዱ» ነው። «አንድ ፍሬ በቀን 3 ጊዜ ይውሰዱ»። ለእኛ ለፋርማሲ ባለሙያዎች ነገሩ ግልጽ ነው፤ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነውና «ቴክ» የሚለውን ግስ አማርኛ አልብሰነዋል። ለደምበጫ ገበሬ ግን መውሰድ የማምጣት ተቃራኒ ነው፤ ዕቃን ካለበት አንስቶ ይዞ መሄድ። «መድኃኒቱን ወሰድሁ» ሲል ከመስኮቱ ተቀብሎ ወደ ቤቱ አደረሰው ማለቱ ነው። መዋጡን ገና አልነገረንም።

አማርኛ በዚህ በኩል ድሃ ሆኖ አያውቅም። ኮሶ ይጠጣል፤ ዳማከሴ ይጨመቃል፤ ቅባት ይቀቡታል፤ ጭስ ይታጠኑታል። ጠበል የጠጣ ጠጣ፣ የተጠመቀ ተጠመቀ ይባላል፤ «ጠበል ወሰደ» ከተባለ ግን በጀሪካን ቀድቶ ለቤተሰቡ ይዞ ሄዷል። ግሱ ራሱ መድኃኒቱ በየት በኩል እንደሚገባ ይናገራል። ዘመናዊው ሕክምና ሲመጣም ሕዝቡ ቃል አላጣም፤ ክኒን ዋጠ፣ መርፌ ተወጋ፣ ክትባት ተከተበ አለ። «ክትባት ወሰደ» የእኛ የባለሙያዎቹ ነው።

ቋንቋ ይለወጣል፣ ሰው ለምዶታል የሚል ይኖራል። እውነት አለው። «እርምጃ ወሰደ»፣ «ፈተና ወሰደ» ዛሬ ማንንም አያሳስቱም፤ «እንቅልፍ ወሰደው» ደግሞ ከጥንትም የራሳችን ነው። ግሱ ሰፋ ብዬ አልከራከርም። የሚያስጨንቀኝ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ መስኮት ሲገናኙ ነው። የጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሁኔታቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች የ3 ወር፣ አንዳንዴም የ6 ወር ባንድ ጊዜ ይሰጣል። ታካሚዋ በቀጠሮዋ ስትመጣ «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ብንላት «አዎ» ትላለች፤ አልዋሸችም፤ ባለፈው ቀጠሮ ቆጥረን አስረክበናታል። እኛ ግን «በአግባቡ ትወስዳለች» ብለን እንመዘግባለን። የቲቢ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ ታካሚው በባለሙያ ፊት እንዲውጥ የሚደረገው መቀበልና መዋጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። አሠራሩ የለየውን አንደበታችን መልሶ ያቀላቅለዋል።

ሌላው ሙግት «ይውሰዱ» ጨዋ ነው፣ ሁሉንም ዓይነት ይጠቀልላል፣ «ይዋጡ» ግን ይከብዳል የሚል ነው። ክብሩ ያለው በአንቱታው ነው፤ «ይዋጡ» ከ«ይውሰዱ» በአክብሮት አያንስም። መጠቅለሉ ደግሞ ጥቅም ሳይሆን አደጋ ነው። በብልት የሚገባው የክሎትሪማዞል ክኒን ከሚዋጠው ክኒን ጋር በመልክ ይመሳሰላል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክ ለሕፃን በማንኪያ ውሃ ወይም በእናት ጡት ወተት ይሟሟል። ኦአርኤሱ ይበጠበጣል፤ የዓይን ቅባቱ ወደ ታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጥ ይደረጋል። አንዷ እናት አራቱንም በአንድ ፌስታል ይዛ ልትሄድ ትችላለች። በአራቱም ላይ «ይውሰዱ» ከጻፍን፣ ማንበብ የሚችለው ልጇ ቤት ሲደርሱ ምን ብሎ ያንብብላት?

የሚጠየቀው ለውጥ ወጪ የለውም። ከረጢቱ ላይ «ይዋጥ»፣ «ይጠጣ»፣ «ይቀባ»፣ «በውሃ ይበጥበጥ» ብሎ መጻፍ ነው። በቀጠሮ ቀንም «ወስደዋል ወይ?» በሚለው ፈንታ «ዛሬ ጠዋት ዋጡ? ስንት ፍሬ ቀረዎ?» ብሎ መጠየቅና ብልቃጡን አስወጥቶ አብሮ መቁጠር።